ቅዳሜ ጭስ የማይወጣበት ቤት

ስለ ስፔን ምግብ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ፓኤያ ነው። ከዚያ ወይን ጠጁ ይቀጥላል፤ ከዚያ እግር ኳሱ ይገባና ጨዋታው ይቀየራል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ምግብ ቤቱ ሳይሆን ስለ ቤት ምግቡ ነው፤ ማታ ተነክሮ ያደረ ሽምብራ ጠዋት ከአጥንትና ከጎመን ጋር ስለሚጣድበት ተራ ድስት። ይህ ድስት በስፔን ታሪክ ውስጥ በፍርድ ቤት መስክሯል። ሰው አሳስሯል፣ ንብረት አስወርሷል፣ እሳት ላይ ያደረሳቸውም አሉ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ከ1492 እንነሳ። በጥር 2 ቀን የመጨረሻዋ የሙስሊሞች ግዛት ግራናዳ ለንግሥት ኢሳቤላና ለንጉሥ ፈርዲናንድ እጇን ሰጠች። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 31 ቀን፣ አይሁዳውያን ወይ እንዲጠመቁ ወይ እስከ ሐምሌ ማብቂያ አገር ለቀው እንዲወጡ የሚያዝ አዋጅ እዚያው ግራናዳ ላይ ተፈረመ። ብዙዎች ወጡ። ብዙዎችም ተጠምቀው ቀሩ። ቀድሞውንም ከአንድ መቶ ዓመት በፊት በተነሳው ግድያና ዘረፋ ምክንያት የተጠመቁ ብዙ ቤተሰቦች ነበሩ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ላይ «ኮንቨርሶ»፣ ወይም «አዲስ ክርስቲያን» ተባሉ። ሌላው ደግሞ ራሱን «ነባር ክርስቲያን» አለ።

የሃይማኖት መርማሪው ፍርድ ቤት፣ ኢንኩዊዚሽን የምንለው፣ በ1478 በጳጳሱ ደብዳቤ ተፈቅዶ ከ1480 ጀምሮ በሴቪያ ሥራ ጀምሯል። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እዚህ ላይ አለ። ይህ ፍርድ ቤት ባልተጠመቀ አይሁዳዊ ወይም ሙስሊም ላይ ሥልጣን አልነበረውም። ሥልጣኑ በተጠመቀው ላይ ነው። ሥራው «ክርስቲያን ነኝ የሚለው ሰው በልቡ ክርስቲያን ነው ወይ?» የሚለውን መመርመር ነው። ልብ ደግሞ አይታይም። የሚታየው ጓዳ ነው።

ስለዚህ ጓዳ ተመረመረ። በቤተ ክርስቲያን ለምእመናኑ የሚነበብ ማስታወቂያ ነበር። ሕዝቡ የጎረቤቱን ጥፋት የሚለይባቸውን ምልክቶች አንድ በአንድ ይዘረዝርለታል። ዓርብ ማታ ንጹሕ የአልጋ ልብስ የሚያነጥፍ፣ ቅዳሜ የታጠበ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ሥጋውን ሲያዘጋጅ ስቡን የሚልጥና ከእግሩ ጅማቱን የሚያወጣ፣ የአሳማ ሥጋ የማይበላ፣ ዓርብ የጣደውን ወጥ ለቅዳሜ የሚያቆይ። ቅዳሜ ከጭስ ማውጫው ጭስ የማይወጣበት ቤትም ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል። ይህን የሰማ ሰው ጥቆማ ባያቀርብ ራሱ ይጠየቃል። እስቲ አስቡት፦ ከቤታችሁ የሚወጣው ጭስ የማንነት ማስረጃ ሆኖ ጎረቤት ሲቆጥረው።

ሽታም እንዲሁ። አንድሬስ በርናልዴዝ የሚባል ቄስ በዚያ ዘመን የታሪክ መዝገብ ጽፏል። ኮንቨርሶዎቹን የሚከስበት አንዱ ነገር ሥጋን በአሳማ ስብ ፈንታ በዘይት ማብሰላቸውና ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት መጥበሳቸው ነው። በዚህም ምክንያት ትንፋሻቸውና ቤታቸው ይሸታል ይላል። ዛሬ ስፔን በወይራ ዘይት ምርት የዓለም አንደኛ ናት። ቱሪስት ሁሉ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በወይራ ዘይት ተጠብሶ ሲሸተው «ይኼ ነው ስፔን» ይላል። ያንን ሽታ ቄሱ እንደ ወንጀል ነበር የመዘገቡት።

ድስቱ ራሱ ስም አለው፤ «አዳፊና»። ቃሉ ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን የተቀበረ፣ የተሸፈነ ማለት ነው። አይሁዳውያን በሰንበት እሳት ስለማያነዱ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽምብራውን፣ ሥጋውን፣ ሽንኩርቱን፣ አንዳንዴም እንቁላሉን ከነቅርፊቱ በአንድ ሸክላ ድስት ይጥዱታል። ፍሙን በዓመድ ያዳፍኑታል፤ አፉን ይከድኑታል። ሌሊቱን ሙሉ ሲንተከተክ አድሮ ቅዳሜ ቀን በትኩሱ ይበላል። የኛ ሰው «ማዳፈን» የሚለውን ቃል ስለሚያውቀው ነገሩ ሩቅ አይሆንበትም።

ይህን ያህል ዝርዝር ከየት እናውቃለን? ከምግብ አሠራር መጽሐፍ አይደለም። ከክስ መዝገብ ነው። ምስክሮቹ በአብዛኛው የቤት ሠራተኞችና ጎረቤቶች ናቸው። ሠራተኛዋ ዳኛ ፊት ቀርባ እመቤቷ ስንት ሽንኩርት እንደከተፈች፣ ምን ቅመም እንደጨመረች፣ ስቡን በየትኛው እጇ እንደላጠች ትናገራለች፤ ጸሐፊው ይጽፋል። በ1999 ዴቪድ ጊትሊትዝና ሊንዳ ዴቪድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ከእነዚህ መዝገቦች ውስጥ ምግቦቹን ለቅመው መልሰው የሚሠሩበትን መጽሐፍ አሳተሙ። አንዲት ሴት ለልጆቿ ማውረስ ያልቻለችውን የወጥ አሠራር የከሰሳት ፍርድ ቤት አስቀምጦላታል። መጽሐፉን ሳገላብጥ ቅመሙን ከማየቴ በፊት «ይህችስ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» እያልኩ ነው የማነበው።

የአንዷን መጨረሻ እናውቃለን። ኤልቪራ ዴል ካምፖ ትባላለች፤ የቶሌዶ ፍርድ ቤት በ1567 ሲይዛት ነፍሰ ጡር ነበረች። ክሱ የአሳማ ሥጋ አለመብላትና ቅዳሜ ንጹሕ ልብስ መልበስ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። እርሷም አሳማ አለመብላቷን አልካደችም፤ አይስማማኝም፣ ያመኛል ነው ያለችው። እስክትወልድ ጠበቋትና በሚቀጥለው ዓመት ወደ ማሠቃያው ክፍል አስገቧት። ጸሐፊው እያንዳንዷን ጩኸት መዝግቧል፤ ሰነዱ ዛሬም ይነበባል። ገመዱ ሲጠብቅባት ምን ብዬ ልመስክር፣ የምትፈልጉትን ንገሩኝና ልበለው እያለች ትለምናለች። እነርሱ ግን የሚፈልጉት ሳይነግሯት እንድትናገር ነው። በመጨረሻ እስርና ንብረት መወረስ ተፈረደባት። ሆዷ አልስማማ ያላት ይሁን ወይም እናቷ በልጅነቷ የነገረቻት ሕግ ይሁን፣ ያ ሥጋ በአፏ አለመግባቱ በቂ ነበር።

እንዲህ ባለ አገር ሰው ምን ያደርጋል? አሳማ ይበላል። ሰው እያየው ይበላል። ወጡ ውስጥ ጎልቶ እንዲታይ አድርጎ ይጨምራል። የማድሪዱን «ኮሲዶ» የምታውቁ ታውቁታላችሁ፦ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ድንች፣ የበሬ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ከዚያ የአሳማ ስብ፣ የአሳማ ቋሊማ፣ የደም ቋሊማ። የሚቀርበው በሦስት ዙር ነው፤ መጀመሪያ መረቁ ከቀጭን ፓስታ ጋር፣ ቀጥሎ ሽምብራውና አትክልቱ፣ በመጨረሻ ሥጋው። ብዙ የምግብ ታሪክ ጸሐፊዎች ኮሲዶ የአዳፊና ልጅ ነው፤ አሳማው የተጨመረበት ለመከላከያ ነው ይላሉ። ታሪኩ ያምራል። እኔ ግን ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። ሽምብራና ሥጋ በአንድ ድስት ለመቀቀል የማንም ልጅ መሆን አያስፈልግም፤ ሽምብራ ያለበትና ማገዶ ውድ የሆነበት አገር ሁሉ ይደርስበታል። የአሳማው ነገር ግን እውነት ነው። በዚያ ዘመን ስፔን ድስት ውስጥ የተገኘ ቁራጭ ስብ ከጣዕምነቱ በላይ መታወቂያ ወረቀት ነበር።

(በነገራችን ላይ ኮሲዶን ያለ አሳማ እቤቴ ሞክሬዋለሁ። ሽምብራው የሚጣደው ውኃው ከፈላ በኋላ ነው፤ በቀዝቃዛ ውኃ ከጣዳችሁት እንደ ጠጠር ይደርቃል ይላሉ የማድሪድ እናቶች። ከሦስት ሰዓት በኋላ የወጣው መረቅ ለጾም ፍቺ ማግስት የሚሆን ነው።)

አሁን ይህን ይዛችሁ ዶን ኪሆቴን እንደገና ክፈቱ። የመጀመሪያው ክፍል የወጣው በ1605 ነው። ሰርቫንቴስ ጀግናውን ሲያስተዋውቀን መልኩን ከመንገሩ በፊት በየቀኑ የሚበላውን ይነግረናል፤ የገቢውም አብዛኛው ለዚያው ይሄዳል። የቅዳሜው ምግብ ስሙ ቃል በቃል ሲተረጎም «ሐዘንና ስብራት» የሚል ነው። ብዙዎቹ ሊቃውንት እንቁላል ከአሳማ ስብ ጋር የተጠበሰ ነው ይላሉ። ለምን ሐዘን ተባለ? አንዳንዱ ለእረኛ ከሞተችበት በግ ሥጋ ጋር ያያይዘዋል፤ ሌላው ደግሞ ቅዳሜ ቀን አሳማ ለመብላት የተገደደ ኮንቨርሶ ሕጉ የተሰበረበትን ሐዘን ነው ይላል። ክርክሩ አላለቀም። ቅዳሜ መሆኑ ግን ለዚያ ዘመን አንባቢ ዝም ብሎ የሚያልፍ ነገር አይመስለኝም።

ሰርቫንቴስ በዚህ ነገር መቀለድ ይወዳል። ታሪኩን የጻፈው እኔ ሳልሆን ሲዴ ሐሜቴ ቤኔንኼሊ የሚባል ዓረብ ነው፣ እኔ ከቶሌዶ ገበያ ነው የገዛሁት ይላል። ሳንቾ ፓንዛ ስሙን በትክክል መያዝ አቅቶት «ቤሬንኼና» ይለዋል። ቤሬንኼና ደበርጃን ነው። ደበርጃን በዚያ ዘመን የሙስሊምና የአይሁድ ምግብ ተብሎ የሚታወቅ ስለነበር ሳንቾ ስህተቱ ልክ እንደሆነ ያስባል፤ ዓረቦች ደበርጃን ይወዳሉ አይደል? ከዚህም የባሰው አለ። የዓረብኛውን ጽሑፍ የሚተረጉመው ሞሪስኮ በመጽሐፉ ዳር የተጻፈ ማስታወሻ አይቶ ይስቃል። ማስታወሻው ስለ ዱልሲኔያ ነው፤ ዶን ኪሆቴ የዓለም ውቧ ልዕልት ስለሚላት ሴት። የላ ማንቻን አገር ሴቶች ሁሉ የምታስንቅበት ሙያዋ ምን እንደሆነ ይናገራል፦ የአሳማ ሥጋ በጨው ማሸት። አንባቢው የሚስቀው በገጠሬነቷ ብቻ አይደለም። ያ እጅ የነባር ክርስቲያንነት ማረጋገጫ ነው። ሳንቾም በሌላ ቦታ ሃይማኖቱን በነፍሱ ላይ በተጋገረው ስብ ውፍረት ይለካል። ሰው ሳቅ ውስጥ ካልደበቀው በቀር እንዲህ ያለ ነገር በዚያ አገር መጻፍ አይችልም ነበር።

ሞሪስኮ ያልኳችሁ ከሙስሊም ቤተሰብ የተጠመቁትን ነው። ከ1609 እስከ 1614 ባሉት ዓመታት 300 ሺህ ያህሉ ተባረሩ። ተጠምቀዋል፣ ስማቸው ተቀይሯል፣ ልብሳቸውና ቋንቋቸው ተከልክሏል፤ አሁንም አልበቃም። በዚያው መሃል፣ በ1611፣ የንጉሡ ወጥ ቤት አለቃ ፍራንሲስኮ ማርቲኔዝ ሞንቲንዮ ትልቁን የምግብ አሠራር መጽሐፉን ያሳትማል። ውስጡ «የሞሪስኮ ዶሮ» የሚባል ምግብ አለበት። ሰዎቹ ወደ መርከብ እየተነዱ ዶሮአቸው ቤተ መንግሥት ገበታ ላይ ቀርቷል። በብዙ አገር እንዲሁ ነው፤ ሰውን ማባረር ቀላል ነው፣ ምግቡ ግን ከቀመሱት በኋላ አይወጣም።

ሰርቫንቴስ በ1615 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ላይ አንድ ሞሪስኮ ያመጣል። ሪኮቴ ይባላል፤ የሳንቾ የመንደር ባለ ሱቅ የነበረ። ከተባረረ በኋላ የጀርመን ተሳላሚዎች መስሎ፣ ቀብሮት የሄደውን ሀብት ሊያወጣ በድብቅ ይመለሳል። መንገድ ላይ ሳንቾን አግኝቶ ያቅፈዋል። ሣር ላይ ተቀምጠው ያላቸውን ይዘረጋሉ። የወይራ ፍሬ፣ አይብ፣ የወይን ጠጅ አቁማዳ፣ እና የአሳማ እግር አጥንት፤ ሥጋው አልቆ የሚመጠጥ ብቻ የቀረ። ያ አጥንት ምን ይሠራል? ሊበላ አይደለም ያለው፤ ሊታይ ነው። ከዚያ ሪኮቴ ስለ አገሩ ናፍቆት ያወራል። ሳንቾን ሀብቱን ለማውጣት እንዲያግዘው ይጠይቀዋል። ሳንቾ ንጉሡን መክዳት ይሆንብኛል ብሎ እምቢ ይላል። ግን አልጠቁምህም ይለዋል። በስብ ሲመጻደቅ የነበረው ነባር ክርስቲያን ለጎረቤቱ ሊያደርግለት የቻለው ይህን ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ትንሽ አልነበረም።

ከመጽሐፍ ወደ ሥዕል ልሻገር። በ1618 ሴቪያ ውስጥ ገና ሃያ ያልሞላው ዲየጎ ቬላስኬዝ አንዲት አሮጊት እንቁላል ስትጠብስ ሣለ። ሥዕሉ ዛሬ ስኮትላንድ ኤደንብራ ነው ያለው። የከሰል ምድጃ ላይ የሸክላ መጥበሻ፣ ውስጡ ነጩ መርጋት የጀመረ እንቁላል፣ በአንድ እጇ የእንጨት ማንኪያ፣ በሌላው ያልተሰበረ እንቁላል። ፊት ለፊት የነሐስ ሙቀጫ ከነዘነዘናው፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቢላዋ። አጠገቧ ሜሎን ያቀፈ ልጅ ቆሟል። በሥዕሉ ውስጥ ንጉሥ የለም፣ ቅዱስ የለም። እንዲህ ያለውን የወጥ ቤት ሥዕል ስፔኖች «ቦዴጎን» ይሉታል፤ ቃሉ ርካሽ ምግብ ከሚሸጥባቸው ቤቶች የመጣ ነው። የሥዕል ሊቃውንት አንዳንዶቹ ንቀውት ነበር።

በዚያው ዘመን ከሣላቸው አንዱ ደብሊን የሚገኘው ነው። አንዲት ጥቁር ወጣት ሴት በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ እንስራና ሙቀጫ መሃል ቆማለች። ለዘመናት ይኼው ብቻ ነበር የሚታየው። በ1933 ሥዕሉ ሲጸዳ ከኋላዋ በመስኮት በኩል ክርስቶስ በኤማሁስ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ማዕድ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታለች፤ ጆሮዋ ግን እዚያ ያለ ይመስላል። ሴቪያ በዚያ ዘመን ከአውሮፓ ትላልቅ የባሪያ ገበያዎች አንዷ ነበረች። የስፔን ቤት ምግብ የሚባለውን ቀን በቀን ሲያበስል የኖረው እጅ ብዙ ጊዜ የአፍሪካዊት እጅ ነው። ቬላስኬዝ ራሱ ኹዋን ደ ፓሬኻ የሚባል ባሪያ ነበረው። በ1650 ሮም ላይ ሥዕሉን ሣለው፤ በዚያው ዓመት የነፃነት ወረቀቱን ፈረመለት። ፓሬኻም ሠዓሊ ሆነ፤ ሥራው ማድሪድ ፕራዶ ቤተ መዘክር ተሰቅሏል።

እዚህ ላይ የኛ ነገር ይገባል። አሮጊቷ እንቁላል በምትጠብስበት በዚያው 1618፣ በሚያዝያ ወር፣ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ቄስ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ግሽ ዓባይ ላይ ቆሞ ነበር። የተወለደው ማድሪድ አጠገብ፣ በስሟ ውስጥ ሽንኩርት በነበረባት ኦልሜዳ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ትዕግሥተኛ፣ ቋንቋ አዋቂ ሰው ነበር፤ ከእርሱ በኋላ እንደመጡት አልነበረም። ግን እርሱም፣ ሌሎቹም የመጡት ቅዳሜና አሳማ የፍርድ ቤት ጉዳይ ከሆነበት ዓለም ነው። ኢትዮጵያ ሲደርሱ ያገኙት ቅዳሜን የሚያከብር፣ የሚገርዝ፣ አሳማ የማይበላ ክርስቲያን ሕዝብ ነው! በአገራቸው ማስታወቂያ ላይ የተዘረዘረው ምልክት ሁሉ አንድ ሳይጎድል። «አይሁድነት» ከማለት ሌላ ቃል አልነበራቸውም።

ይህ ክስ ከፓኤዝም በፊት ነበር። ጸጋ ዘአብ የሚባለው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ጎረቤት ፖርቱጋል ውስጥ ዓመታት ሲቆይ በዚሁ ጉዳይ ከሃይማኖት ሊቃውንቱ ጋር ተከራክሯል፤ ቁርባንም ከልክለውታል። ስለ አገሩ እምነት የጻፈው መልስ በ1540 ሌቨን ላይ ታተመ፤ ፖርቱጋል ውስጥ ግን ታገደ። አፄ ገላውዴዎስ በ1555 የጻፉት የሃይማኖት መግለጫም ይህንኑ ይመልሳል። ስለ ቅዳሜ ሲናገሩ እኛ እንደ አይሁድ አናከብራትም ይላሉ፤ አይሁድ ውኃ አይቀዱባትም፣ እሳት አያነዱባትም፣ ወጥ አይሠሩባትም፣ እንጀራ አይጋግሩባትም። ስለ አሳማም የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም ነው የሚሉት። መግለጫውን በዚያ የቶሌዶ መዝገብ አጠገብ አስቀምጣችሁ አንብቡት። ንጉሡ የሚመልሱት ሴቪያ ውስጥ ለጎረቤት ለተነበበው ዝርዝር ነው፤ እሳቱን፣ ውኃውን፣ ድስቱን እያነሱ። ኤልቪራ ዴል ካምፖ ከተያዘችበት ጊዜ 12 ዓመት ይቀድማል። በኋላ ሱስንዮስ ቅዳሜን ማክበር በአዋጅ ሲከለክሉ ምን ያህል ደም እንደፈሰሰ፣ በ1632ም እንዴት እንደተመለሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

እኛም ብንሆን በዚህ ነገር ንጹሓን አይደለንም። «የማን ቢላዋ ባረደው?» የሚለው ጥያቄ የምናውቀው ነው። ልዩነቱ በኛ ዘንድ ሁለቱም ወገን እንግዳ ሲጠራ የሌላውን ሥጋ ለብቻ አሳርዶ፣ ለብቻ አስቀቅሎ፣ በክብር ማስተናገድን ባህል አድርጎ መኖሩ ነው። ሰርግ ላይ ሁለት ድንኳን ይተከላል እንጂ ያልበላው አይከሰስም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስፔን ያጣችው ይህን ነው።

የስፔን ድስት ሌላም ታሪክ አለው፤ የረሃብ። ናፖሊዮን ስፔንን በያዘበት ጊዜ፣ ከ1811 እስከ 1812፣ ማድሪድ ተራበች። 20 ሺህ ያህል ሰው አለቀ። ፍራንሲስኮ ጎያ እዚያው ነበር። በቀን የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ነው፤ ለብቻው ደግሞ የጦርነቱን መዓት በመዳብ ሰሌዳ ላይ ይቀርጻል። በሕይወት ሳለ አላሳተማቸውም፤ የወጡት ከሞተ ከ35 ዓመት በኋላ በ1863 ነው። ከእነዚያ ሰሌዳዎች 51ኛው ላይ የተራበ ሕዝብ አንድ ሰው የሚያድለውን ገንፎ ከብቦ ይታያል። ከፊት አንዲት ሴት መሬት ላይ ተኝታለች። ከሥር የጻፈው «ምስጋና ለአልሞርታ» ይላል።

አልሞርታ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጓያ ነው። ያው የኛ ጓያ፤ ጎንደርና ጎጃም ያለ ገበሬ የሚያውቀው። (የሠዓሊው ስምና የእህሉ ስም በአማርኛ እንዲህ መቀራረባቸው አጋጣሚ ነው።) ሌላው ሲደርቅ የሚበቅል፣ ሌላው ሲጠፋ የሚገኝ እህል ነው። ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ ሰው ያሳድራል። ሌላ ጠፍቶ ለወራት ብቻውን ሲበላ ግን ውስጡ ያለው መርዝ እግር ያሽመደምዳል፤ አንዴ ከያዘ አይመለስም። ሐኪሞች ያቺን የተኛች ሴት አይተው የጓያ ሽባ ናት ይላሉ። ጎያ መርዙን ባያውቅም ያየውን ቀርጿል፤ ሰው ከሞት ያተረፈው እህል ምን እንደሚያስከፍል። ምስጋናው ምጸትም ነው፣ እውነትም ነው። እኔ ይህን ሥዕል ከስፔን ሥዕሎች ሁሉ አስበልጣለሁ። አውሮፓዊ ተመልካች በግርጌ ማስታወሻ ካልተብራራለት አይገባውም። የደምቢያ ገበሬ ግን ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1913፣ ኤሚሊያ ፓርዶ ባሳን የጥንት የስፔን ምግቦች መጽሐፏን አወጣች። ይህች ሴት በዘመኗ ከነበሩት ታላላቅ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች አንዷ ናት፤ ሴት በመሆኗ የቋንቋ አካዳሚው በር ተዘግቶባታል። በ1892 የሴቶች ቤተ መጻሕፍት ብላ ተከታታይ መጻሕፍት ማሳተም ጀምራ ነበር፤ የጆን ስቱዋርት ሚልን ስለ ሴቶች መገዛት የጻፈውን ጨምራ። ገዢ አላገኘም። የስፔን ሴቶች የሚፈልጉት ይህን ከሆነ እንግዲህ ብላ ተከታታዩን በምግብ መጻሕፍት ደመደመችው። በምሬት ነው። ግን በመግቢያዋ ላይ አንዳንድ ምግብ ከጥንት የጦር መሣሪያና ከመቃብር ሐውልት የማያንስ የታሪክ ቅርስ ነው ትላለች፤ አምናበት ነው የምትለው። በምሬት የተጀመረ መጽሐፍ እንዲህ ጥሩ ሆኖ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ። በሚያዝያ 1939 አበቃ ተባለ፤ በግንቦት የራሽን ካርድ ታደለ። ካርዱ የተነሳው በ1952 ነው። አሥራ ሦስት ዓመት! ስፔኖች ያንን ጊዜ «የረሃብ ዓመታት» ይሉታል። ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ዳቦው በካርድ፤ የሚበቃው ደግሞ በጥቁር ገበያ። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ የሚያስታውስ አንባቢ እዚህ ላይ ብዙ ማብራሪያ አይሻም።

በ1941 ኢግናሲ ዶሜኔክ የሚባል የካታሎኒያ ወጥ ቤት ባለሙያ መጽሐፍ አወጣ። መኳንንት ቤት ሲያበስል የኖረ ሰው ነው። አሁን የጻፈው ግን በሌለ ነገር ማብሰልን ነው። የስፔን ቤት ምግብ ንግሥት ቶርቲያ ናት፤ እንቁላልና ድንች፣ ሌላ ምንም። እርሱ ያለ እንቁላልና ያለ ድንች እንዴት እንደምትሠራ ያስተምራል። የብርቱካን ልጣጭ ውስጥ ያለውን ነጩን ክፍል ልጦ፣ ነክሮ፣ በድንች ፈንታ መጥበስ፤ በእንቁላሉ ፈንታ ዱቄት በውኃ መበጥበጥ። የባሕር ምግብ ያማረው ደግሞ ሽንኩርቱን ክብ ክብ አድርጎ ቆርጦ በሊጥ ጠብሶ ካላማር ነው ብሎ ይብላ። ቀልድ አይደለም። ልጆቿ ፊት ሳህን ባዶ ማቅረብ ላልቻለች እናት የተጻፈ ነው። ቶርቲያዋ ቅርጿና መልኳ እስካለ ድረስ ቤቱ ገና ቤት ነው።

ጓያም ተመልሶ መጣ። በላ ማንቻ፣ በዶን ኪሆቴ አገር፣ የጓያ ዱቄት በዘይትና በነጭ ሽንኩርት የሚገነፋበት «ጋቻስ» የሚባል የድሃ ምግብ አለ። በእነዚያ ዓመታት ከእርሱ ሌላ ያልነበረው ብዙ ነው። ሐኪሞች በስፔን የተለያዩ አካባቢዎች እግራቸው የተሳሰረ ሰዎች ማየት ጀመሩ። በ1944 መንግሥት ጓያን ለሰው ምግብነት ከለከለ። ሰው ግን መብላቱን አልተወም፤ በየገበያው ለከብት መኖ እየተባለ ሲሸጥ ኖረ፤ ከብቱ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በ2018 ሕጉ ተሻሽሎ ለጤነኛ ሰው፣ አልፎ አልፎ፣ ከሌላ ምግብ ጋር ብቻ ተፈቀደ። አሁን ክረምት ላይ በላ ማንቻ ምግብ ቤቶች ጋቻስ በትንሽ መጥበሻ፣ ከላዩ የተጠበሰ የአሳማ ስብ ጣል ተደርጎበት፣ «የአያቶቻችን ምግብ» ተብሎ ይቀርባል።

በ2015 ደግሞ የስፔን ፓርላማ በ1492 ለተባረሩት አይሁዳውያን ዘሮች ዜግነት የሚሰጥ ሕግ አወጣ። አመልካቹ የቋንቋና የባህል ፈተና ይወስድ፣ የዘሩን ማስረጃም ያቀርብ ነበር። የሞሪስኮዎቹ ዘሮች በሕጉ አልተካተቱም። ጠይቀው ነበር።

ከደምቢያ፣ ከፎገራና ከጎጃም የሆናችሁ የዚህ ቻናል አንባቢዎች፦ እናቶቻችሁ ጓያን ከምን ጋር እንደሚቀላቅሉት፣ ስንት ጊዜ ነክረው ውኃውን እንደሚደፉ፣ በየትኛው ወር ለልጅ እንደማይሰጡ የምታስታውሱ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ። ስፔን በ1944 በሕግ ያወቀችውን እነርሱ በምን እንዳወቁት ማወቅ እፈልጋለሁ።